ከባሕር አልጌ እስከ ሕሙማን አልጋ፦ የአልጂኔት የቁስል መሸፈኛ እና የማስረጃው ጥያቄ

አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አልጌ የሚወጣ፣ ስኳር መሰል ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰካክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። የምግብ ፋብሪካዎች አይስክሬምን ለማወፈር፣ የጥርስ ሐኪሞች የጥርስና የድድን ቅርጽ ለመቅዳት፣ የጨርቃ ጨርቅ አታሚዎች ቀለሙ ከመስመሩ እንዳይወጣ ለማድረግ ይጠቀሙበታል። በሆስፒታል ደግሞ እንደ ተባዘተ ጥጥ የለሰለሰ ነጭ ንጣፍ ሆኖ ብዙ ፈሳሽ በሚያመነጭ ቁስል ላይ ይደረጋል። ነርሶች በዕለት ተዕለት አነጋገራቸው ድሬሲንግ ከሚሏቸው የቁስል መሸፈኛዎች መካከል ከባሕር ከተገኙት በስፋት የሚታወቀው እርሱ ነው።

ይህ ቁስ ለተመራማሪ የሚስብበት አንድ ልዩ ምክንያት አለው። ኬሚስትሪው እስከ ነጠላ ዶቃው ድረስ ተጠንቷል፤ ቁስል ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆንም በቤተ ሙከራ ደጋግሞ ታይቷል። ሆኖም «ቁስሉን ቶሎ ያድናልን?» ለሚለው የሕመምተኛው ጥያቄ የተገኘው መልስ ከኬሚስትሪው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ቀጭን ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከታተለው ቁሱ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ቁስል ላይ እስኪደርስ የተጓዘበትን መንገድና በመንገዱ ላይ የተፈጠረውን ይህን ክፍተት ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአልጌ ወደ ክር

ቡናማ አልጌዎች የሚኖሩት ማዕበል በማያርፍበት ዳርቻ፣ በዓለት ላይ ተጣብቀው ነው። እንደ ምድር ዕፅዋት ውኃና ምግብ የሚስብ ሥር የላቸውም። ታላላቆቹ ዝርያዎች ዓለቱን ቆንጥጦ የሚይዝ መያዣ፣ እንደ ግንድ የሚያገለግል ዘንግ እና ከውኃው ጋር የሚወዛወዝ ቅጠል መሰል አካል አላቸው። ዘንጉ ማዕበሉን የሚቋቋም ጠንካራ፣ ቅጠሉ ደግሞ ሳይቀደድ የሚታጠፍ ሊሆን ይገባል። በሁለቱም ውስጥ የሕዋሱን ግድግዳ የሚያጸናው ዋና ቁስ አልጂኔት ነው፤ የጥንካሬው ልዩነት የሚመነጨው በአመዛኙ ከሰንሰለቱ አደራደር ነው።

ሰንሰለቱ ሁለት ዓይነት ዶቃዎች አሉት፤ ማኑሮኒክ አሲድ እና ጉሉሮኒክ አሲድ ይባላሉ። ለአጭርነት ሲባል ከዚህ በኋላ «ማ» እና «ጉ» ተብለው ይጠራሉ። አልጌው በመጀመሪያ የሚሠራው ከ«ማ» ብቻ የሆነ ሰንሰለት ነው። ከዚያ በኋላ ኢንዛይሞች አንዳንዶቹን ዶቃዎች ካሉበት ሳያነሡ ወደ «ጉ» ይለውጧቸዋል። «ጉ» በተከታታይ በሚገኝበት የሰንሰለቱ ክፍል ሰንሰለቱ እየተጣጠፈ ኪስ መሰል ክፍተቶችን ይፈጥራል፤ በባሕሩ ውኃ ውስጥ የሚገኘው ካልሲየም ወደነዚህ ኪሶች ይገባና ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሰንሰለቶችን ያያይዛል። በ1973 የብሪታንያ ተመራማሪዎች ይህን አደራደር እንቁላል ከሚደረደርበት ካርቶን ጋር አመሳስለው «የእንቁላል ሣጥን» አምሳያ ብለውታል፤ ስያሜው እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለቁስ ሳይንስ ተመራማሪ ከሁሉ በላይ አስፈላጊ ነው። ብዙ «ጉ» ያለበት አልጂኔት ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ጠንካራና ተሰባሪ ጄል ይሆናል፤ ብዙ «ማ» ያለበት ለስላሳና ተለጣጭ ጄል ይሆናል። በኖርዌይ ዳርቻ ከሚሰበሰበው ላሚናሪያ ሃይፐርቦሪያ ከሚባለው ዝርያ ዕድሜ ጠገብ ዘንግ የሚወጣው «ጉ» የበዛበት ሲሆን፣ ከዚያው አልጌ ቅጠል የሚወጣው የ«ጉ» መጠኑ ያነሰ ነው። ዝርያው፣ የተቆረጠው የአካል ክፍል፣ የተሰበሰበበት ወቅት ሁሉ ውጤቱን ይለውጠዋል። አልጂኔት የሚለው ቃል ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ ስም ነው። የ«ማ»ንና የ«ጉ»ን መጠን፣ የሰንሰለቱንም ርዝመት ሳይገልጽ «በአልጂኔት ተሞክሮ ይህ ውጤት ተገኘ» የሚል ጥናት ሌላው ሊደግመው የማይችለው ጥናት ነው፤ በሕክምና መጽሔቶች ይህ ጉድለት ሊኖር ከሚገባው በላይ ይታያል።

ቁሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው በስኮትላንድ የባሕር አልጌ ላይ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ኤድዋርድ ስታንፎርድ ነው። በዚያ ዘመን አልጌው የሚቃጠለው ከአመዱ ሶዳና አዮዲን ለማውጣት ነበር፤ ስታንፎርድ ግን በማቃጠል የሚባክነውን የአልጌውን ክፍል ለመጠቀም ሲፈልግ ዝልግልግ ንጥረ ነገር አገኘና «አልጂን» ብሎ ሰየመው፤ በ1881ም የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። የአሠራሩ መሠረት ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። አልጌው ተፈጭቶ በአሲድ ይታጠባል፤ በሶዲየም ካርቦኔት ውኃ ሲዘፈዘፍ አልጂኔቱ ይሟሟል፤ ገለባው ተጣርቶ ይወጣና የሟሟው ተመልሶ እንዲረጋ ይደረጋል። የኪሶቹ ነገር ግን የተገለጠው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ «ጉ» በሰንሰለቱ ውስጥ መኖሩ እንኳ የታወቀው በ1955 ነበር።

ወደ ክርነት የተለወጠው በ1940ዎቹ ነው። በእንግሊዝ ሊድስ የጨርቃ ጨርቅ ኬሚስቶች የሶዲየም አልጂኔትን ሙሙት በጥቃቅን ቀዳዳዎች እየገፉ ካልሲየም ክሎራይድ ወዳለበት ገንዳ ያስገቡት ነበር፤ ሙሙቱ ከካልሲየሙ ጋር በተገናኘበት ቅጽበት ረግቶ ክር ይሆናል። ክሩ ግን ለልብስነት አልበቃም። በሳሙናና በሶዳ ውኃ ሲታጠብ ይሟሟል፤ በማጠቢያ ገንዳ ውስጥ የሚጠፋ ሸሚዝ የሚገዛ ሰው አይገኝም። የካልሲ ፋብሪካዎች ብቻ ጥቅም አገኙለት፤ ተያይዘው የሚሠሩ ካልሲዎችን በአልጂኔት ክር ያያይዙና ሲታጠቡ ክሩ ሟሙቶ ካልሲዎቹ እንዲለያዩ ያደርጉ ነበር። ለጨርቅ ነውር የሆነው ይኸው ጠባይ ለቁስል በጎ ሆኖ ተገኘ። ጆርጅ ብሌን የተባለው ሐኪም አልጂኔት በሰውነት ውስጥ የሚመጠጥ የቀዶ ሕክምና ቁስ ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክቱ ሙከራዎቹን በ1947 አሳተመ። ይሁንና በገበያ የሚሸጥ የቁስል መሸፈኛ ሆኖ በስፋት የታወቀው በ1980ዎቹ ነው።

ክሩ ቁስል ላይ ሲያርፍ

የመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ቁስልን በተመለከተ የነበረው አስተሳሰብ ነው። ቁስል አየር አግኝቶ ሲደርቅ፣ ቅርፊትም ሲይዝ ቶሎ ይድናል የሚለው እምነት በሕዝቡ ብቻ ሳይሆን በሐኪሞችም ዘንድ የጸና ነበር። በ1962 ጆርጅ ዊንተር በኔቸር መጽሔት ባሳተመው ጥናት በአሳማዎች ቆዳ ላይ ጥልቀት የሌላቸውን ቁስሎች ፈጥሮ ከፊሎቹን ለአየር ገልጦ ተዋቸው፤ የቀሩትን ደግሞ በስስ ፕላስቲክ ሸፈናቸው። እርጥበታቸውን ጠብቀው በቆዩት ቁስሎች ላይ አዲሱ የቆዳ ሽፋን በደረቁት ላይ ካደገው በግምት በዕጥፍ ፍጥነት አደገ። በደረቀው ቁስል ላይ አዳዲስ ሕዋሳት ከቅርፊቱ በታች እርጥብ መንገድ እየፈለጉ ጠልቀው መሄድ ነበረባቸው፤ በእርጥቡ ላይ ግን ቀጥ ብለው ተሻገሩ። ከዚህ ጥናት በኋላ የሚፈለገው መሸፈኛ ቁስሉን የሚያደርቅ መሆኑ ቀርቶ፣ ከመጠን ያለፈውን ፈሳሽ እየወሰደ እርጥበቱን የሚጠብቅ ሆነ።

አልጂኔት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ደረቁ ክር ካልሲየምን እንደያዘ ነው። ከቁስል የሚወጣው ፈሳሽ ደግሞ ሶዲየም የበዛበት ነው። ፈሳሹ ክሩን ሲያገኘው ሶዲየሙ ወደ ክሩ እየገባ ካልሲየሙን ከኪሱ ያስወጣዋል። ሰንሰለቶቹን ያያያዘው ካልሲየም ሲቀንስ ክሩ እየላላ ውኃ ይስባል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻም የክርነት መልኩን ትቶ ጄል ይሆናል። የካልሲ ፋብሪካውን ክር ያሟሟው ሂደት ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ ግን ዝግተኛ ነው፤ ፈሳሹ በበዛበት ይበዛል፣ ባነሰበት ያንሳል። ካልሲየም በደም መርጋት ሂደት ውስጥ አስፈላጊ በመሆኑ ከክሩ የሚለቀቀው ካልሲየም ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚያደሙትን ደም ለማቆም ያግዛል። ከደም ቅዳ በኃይል የሚፈስ ደም ግን ከዚህ መሸፈኛ አቅም ውጭ ነው።

የ«ማ» እና የ«ጉ» ነገርም በነርሷ እጅ ላይ ይገለጣል። «ማ» የበዛበት መሸፈኛ ቶሎ ጄል ሆኖ ስለሚለሰልስ በሳላይን ታጥቦ ይወጣል። «ጉ» የበዛበት ብዙም ሳያብጥ ቅርጹን ስለሚጠብቅ በቶንግ ተይዞ በአንድ ቁራጭ ይነሣል። ጎድጓዳና መግቢያው ጠባብ የሆነ ቁስል የሚያክም ባለሙያ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ በጉድጓዱ ውስጥ ተቆርጦ የሚቀር ነገር አይፈልግምና። በሰሜን ባሕር ማዕበል ምክንያት የጠነከረው ዘንግና በሰው ተረከዝ ላይ ያለው ጉድጓድ እንዲህ ባለ መንገድ ይገናኛሉ።

ለሕመምተኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው ጥቅም ግን ሌላ ነው፤ መሸፈኛው ሲቀየር የሚሰማው ሥቃይ። ተራ ጎዝ ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ይደርቅና ከአዲሱ ሕብረ ሕዋስ ጋር ይጣበቃል፤ ሲላቀቅም በቀናት የተገነባውን ያፈርሰዋል፣ ደምም ያወጣል። በርካታ ሕመምተኞች ከቁስሉ ይልቅ የሚፈሩት ያችን ሰዓት ነው። በጄል የተሸፈነ ቁስል ላይ የሚጣበቅ ነገር ስለማይኖር መሸፈኛው በቀላሉ ይነሣል።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ፈሳሽ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ደረቅ ቁስል ላይ የተደረገ አልጂኔት ጄል አይሆንም፤ ክሮቹ ከቁስሉ ጋር ተጣብቀው የጎዙን ጥፋት ይደግሙታል። ጥቁርና ደረቅ የሞተ ሕብረ ሕዋስ በሸፈነው ቁስል ላይም ጥቅም የለውም። ከቁስሉ ጠርዝ አልፎ ጤናማው ቆዳ ላይ ሲተኛ ቆዳውን ያነፈርቀዋል። በላዩ ሌላ መሸፈኛ ያስፈልገዋል። ወደ ጎድጓዳ ቁስል የገቡት ቁራጮች ቁጥር በሕመምተኛው ካርድ ላይ ካልተጻፈ ተረኛው ነርስ ሁሉም መውጣታቸውን ሊያረጋግጥ አይችልም። በማስታወቂያ ላይ «ብልህ ቁስ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ክር ብልሃቱን የሚያገኘው ከሚያኖረው ሰው ነው።

የተለካውና ያልተለካው

አምራቾች ስለ አልጂኔት መሸፈኛ ሲናገሩ በብዛት የሚጠቅሱት ቁጥር የመምጠጥ አቅሙን ነው፤ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 ዕጥፍ የሚደርስ ፈሳሽ ይይዛል ይባላል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ እንዴት እንደተገኘ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። በአውሮፓ የመለኪያ ደረጃ መሠረት የሚሠራው ሙከራ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በሊትር 142 ሚሊሞል ሶዲየም እና 2.5 ሚሊሞል ካልሲየም ያለው ውኃ ይዘጋጃል፤ ናሙናው ተመዝኖ የክብደቱን 40 ዕጥፍ በሚሆን በዚህ ውኃ ውስጥ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ከዚያም ለ30 ሰከንድ ተንጠልጥሎ ይንጠፈጠፋል፤ እንደገና ይመዘናል።

ይህ ሙከራ ሁለት መሸፈኛዎችን ለማወዳደር የሚጠቅም ነው፤ የተነደፈውም ለዚያ ነው። ነገር ግን በሳህኑ ውስጥ ፕሮቲን የለም፣ ባክቴሪያ የለም፣ የሚወፍር ፈሳሽ የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግፊት የለም። በደም መልስ ችግር ምክንያት ቅልጥሙ የቆሰለ ሕመምተኛ ዋነኛ ሕክምናው እግሩን አጥብቆ የሚይዝ የግፊት ፋሻ ነው፤ ፋሻው በቁርጭምጭሚት አካባቢ 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚደርስ ግፊት እንዲኖረው ይፈለጋል። በነጻ ያበጠ ስፍነግና በፋሻ ሥር ለቀናት የተጨመቀ ስፍነግ የሚይዙት ውኃ እኩል አይሆንም። የቁስ ሳይንስ ተመራማሪው የሚለካው የመጀመሪያውን ነው፤ ሕመምተኛው የሚኖረው ከሁለተኛው ጋር ነው።

በሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ምን ያሳያሉ? ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት በ2013 ባወጣው ክለሳ አልጂኔት በስኳር በሽታ ምክንያት በሚመጣ የእግር ቁስል ላይ ያለውን ውጤት መርምሯል። ለክለሳው የበቁት በዕጣ ድልድል የተሠሩ ስድስት ጥናቶች ሲሆኑ በጠቅላላው 375 ተሳታፊዎች ነበሯቸው። አልጂኔት ከተራ መሸፈኛም ሆነ ከሌሎቹ ዓይነቶች በተሻለ ሁኔታ ቁስል እንደሚያድን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። በ2015 በመተኛት ብዛት በሚፈጠር የአልጋ ቁስል ላይ የወጣው ተመሳሳይ ክለሳም ስድስት ጥናቶችንና 336 ተሳታፊዎችን አግኝቶ ወደ ተቀራራቢ ድምዳሜ ደርሷል። ጥናቶቹ ትንንሾች ነበሩ፣ የክትትል ጊዜያቸውም አጭር ነበር።

ይህን ውጤት «አልጂኔት አይሠራም» ብሎ ማንበብ ስሕተት ነው፤ «ምንም አልተገኘም» እና «ምንም የለም» የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ስድስት ጥናቶችና አራት መቶ ያልሞላ ሰው፣ ለአሥርተ ዓመታት በመላው ዓለም ለተሸጠ ቁስ፣ ተመራማሪዎችን ሊያሳስብ የሚገባ ቁጥር ነው። መሸፈኛዎች በብዙ አገሮች እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ሕክምና መሣሪያ ስለሚመዘገቡ፣ ለገበያ ለመቅረብ ከመድኃኒት የሚጠየቀውን ያህል ክሊኒካዊ ማስረጃ አይጠየቁም። ለመድኃኒት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሙከራ ለመሸፈኛ የማያስፈልግ ከሆነ ሙከራውን በገንዘቡ የሚያካሂድ አምራች ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል።

በሚገባ የተነደፈ ሙከራ የሚሰጠው ትምህርት ምን ያህል ያልተጠበቀ ሊሆን እንደሚችል በ2013 የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት ያሳያል። ለቆዳ ንቅለ ተከላ ሲባል ከጤናማ የአካል ክፍል ስስ ቆዳ ሲወሰድ በዚያ ቦታ የሚቀረው ቁስል አልጂኔት እንዲደረግበት የሚመከርበት የተለመደ ቦታ ነው፤ ይደማል፣ ፈሳሹም ብዙ ነው። ጥናቱ በ14 ሆስፒታሎች 289 ሕመምተኞችን በዕጣ ለስድስት ዓይነት መሸፈኛዎች መደበ፤ አልጂኔትም ጎዝም ከስድስቱ መካከል ነበሩ። ቀድሞ የዳነው በሃይድሮኮሎይድ የተሸፈነው ቁስል ነው፤ አማካዩ 16 ቀን ሲሆን የሌሎቹ 23 ቀን ነበር። በጎዝ በተሸፈኑት ላይ ኢንፌክሽን ከሌሎቹ በዕጥፍ ታየ። አልጂኔት ከኬሚስትሪው በመነሣት ይጠበቅ የነበረውን ብልጫ በዚያ ቦታ አላሳየም፤ ጎዝን ለመተው ግን በቂ ምክንያት ተገኘ። ከሳህን ሙከራ ብቻ ይህን ሊተነብይ የሚችል ሰው አልነበረም።

እስከ ልብ የዘለቀው ሐሳብ

የአልጂኔትና የካልሲየም ግንኙነት ከቁስል መሸፈኛ አልፎ ደፋር ሐሳብም አፍልቋል። በ1980 ሊም እና ሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ኢንሱሊን የሚያመነጩ የጣፊያ ሕዋሳትን በአልጂኔት ቅንጣቶች ውስጥ አሽገው የስኳር በሽታ ላለባቸው አይጦች ሰጧቸው፤ ሐሳቡ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳቱን እንዳያገኛቸው፣ ኢንሱሊኑ ግን እንዲወጣ ነበር። ይህ ዘርፍ ዛሬም ሕያው ነው፤ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱም ከባሕር የመጣው ቁስ ሊይዛቸው የሚችላቸውን ጥቃቅን ባዕድ ነገሮች ፈጽሞ ማጽዳት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በእስራኤል፣ በቤን ጉሪዮን እና በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ትብብር የተጀመረው የልብ ሥራ ነው። የልብ ደም ሥር ተዘግቶ የልብ ጡንቻ ክፍል ሲሞት፣ የሞተው ቦታ እየሳሳ ይለጠጣል፤ ልቡም እየሰፋ ወደ ልብ ድካም ያመራል። በተጎዳው ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ካልሲየም ይበዛል። ተመራማሪዎቹ ጥቂት ካልሲየም ያለበት፣ ገና እንደ ውኃ የሚፈስ አልጂኔት አዘጋጁ፤ ይህ ፈሳሽ በደም ሥር በኩል ወደ ተጎዳው ቦታ ሲደርስ የሚጎድለውን ካልሲየም ከዚያው አግኝቶ ይረጋል፤ የሳሳውን ግድግዳ ደግፎ ጊዜውን ከጠበቀ በኋላ ተሟሙቶ ይወጣል። በእንስሳት ላይ የተገኘው ውጤት ተስፋ ሰጪ ነበር። የኬሚስትሪው ውበትም የሚካድ አይደለም፤ ሕመሙ ራሱ መድኃኒቱን የሚያረጋበት ሐሳብ ነው።

በ2016 የታተመው ሙከራ ይህን ሐሳብ በ303 ሕመምተኞች ላይ ፈተነው። ሁሉም ከባድ የልብ ጡንቻ ጉዳት ደርሶባቸው የተዘጋው ደም ሥራቸው የተከፈተላቸው ነበሩ። በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ አልጂኔቱን፣ የቀሩት ሳላይን ተሰጣቸው። ከስድስት ወር በኋላ የልባቸው ስፋት ሲለካ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም፤ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚራመዱት ርቀትም ሆነ ስለ ጤንነታቸው የሰጡት ምላሽ እንዲሁ። የአይጥ ልብ ስስ ነው፣ የሰው ልብ ወፍራም ነው፤ የሚሰጠው መጠን፣ ፈሳሹ የሚደርስበት ቦታ፣ ሰዓቱ ሁሉ ይለያያል። የትኛው ምክንያት እንደሆነ ለመከራከር ሰፊ ቦታ አለ። ሙከራው ባይደረግ ኖሮ ግን ክርክሩም አይኖርም ነበር፤ ሐሳቡም በውበቱ ብቻ በየሆስፒታሉ ሊገባ ይችል ነበር።

በክብካቤ ውስጥ ያለ ቁስ

ወደ ቁስሉ ሲመለስ፣ ክሊኒካዊ ጥናቶቹ ትልቅ ልዩነት ያላሳዩበት አንዱ ምክንያት መሸፈኛው ከሕክምናው ትንሹ ክፍል መሆኑ ሳይሆን አይቀርም። የስኳር በሽታ ነርቩን ያደነዘዘበት ሰው በእግሩ መዳፍ ላይ ያለውን ቁስል አይሰማውም፤ ስለዚህ እየረገጠው ይሄዳል። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚፈርሰውን ቁስል ምርጥ የተባለ ክር አይጠግነውም። ከእግሩ ላይ ጫናውን ማንሣት፣ ደም መድረሱን ማረጋገጥ፣ የሞተውን ሕብረ ሕዋስ ማስወገድ፣ ኢንፌክሽኑን ማከም ይቀድማሉ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ እግር ጥናት ቡድን በ2019 መመሪያው መሸፈኛ የሚመረጠው በዋነኛነት ፈሳሽን በመቆጣጠሩ፣ ለሕመምተኛው በመመቸቱና በዋጋው እንዲሆን ማለቱ ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ቶሎ በማዳኑ» የሚል ቃል የለም።

የሥራ ክፍፍሉም ለችግሩ አስተዋጽኦ አድርጓል። ቁሱን የሚሠራው ኬሚስት ዎርድ ገብቶ አያውቅም፤ በየቀኑ ፋሻ የሚፈታውና የሚያስረው ነርስ በጥናቱ ንድፍ ላይ አይጠየቅም። ነርሱ የሚያውቀው ነገር ግን ሊለካ የሚችል ነው፦ መሸፈኛው በሳምንት ስንት ጊዜ ተቀየረ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ ሕመምተኛው ሥቃዩን ከአሥር ስንት ሰጠው፣ ማታ ተኛ ወይስ አልተኛም። አልጂኔት በመዳን ፍጥነት ባይበልጥ እንኳ የመቀየሪያውን ጊዜ ካራራቀና ሥቃዩን ከቀነሰ፣ ይህ በራሱ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ውጤት ነው። ባልበለጠበት ሁኔታ ደግሞ በጀቱ ጠባብ የሆነ ሆስፒታል በርካሹ መሸፈኛ ቢሠራና የቀረውን ለጫማ፣ ለክራንችና ለነርስ ቢያውለው የተሻለ ይሆናል። ሁለቱንም ለማለት መለካት ያስፈልጋል።

ክብካቤ በራሱ እንደ መድኃኒት ሊፈተን እንደሚችል ከሚያሳዩት ጥናቶች አንዱ የተሠራው በኢትዮጵያ፣ በምሥራቅ ጎጃም ነው። ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ቆዳው እየተሰነጠቀ በየጊዜው በሚነሣ ብርቱ ትኩሳትና ሕመም ሰውን ከሥራ ያስቀራል። በ2018 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ የታተመው ጥናት ወደ 700 የሚጠጉ ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ቡድን ወዲያውኑ እግርን ማጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰር፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ እንዲያገኝ አደረገ፤ ሁለተኛው ያንኑ ከዓመት በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። በጥናቱ ውስጥ አዲስ ቁስ አልነበረም። የተቆጠረው የሚነሣባቸው ሕመም ብዛት ነው፦ ክብካቤውን ባገኙት በአንድ ሰው በዓመት 19.4፣ በሚጠብቁት 23.9።